ከአየር የወረዱ የልጆች ፕሮግራሞችና ካርቱኖች፤ የአፍቃሪዎች መዝገብ አያያዝ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዘውድ በዓል ዕለት፣ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ በተሰናዳ ስቱዲዮ ነው። የመድረክ ተዋናዩ ተስፋዬ ሣህሉ በጣቢያው የመጀመሪያ ዘመን የልጆችን ፕሮግራም ይዘው ቀረቡ። ልጆቹም «አባባ ተስፋዬ» አሏቸው፤ ስማቸው በዚያው ጸና። መንግሥት ተለወጠ፣ እንደገና ተለወጠ፤ ቴሌቪዥኑም ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተሻገረ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ተረት የሚነግሩት ግን እሳቸው ነበሩ። አርባ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ፕሮግራሙ በ2006 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ዐረፉ።

በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቧል ቢባል እንኳ አርባ ሁለት ዓመት ከ2,100 የሚበልጡ ዝግጅቶች ማለት ነው። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ዛሬ ቢጠየቅ አምስት ወይም ስድስት ተረት ይነግራል፤ ሰላምታቸውንም በድምፃቸው ልክ ይደግማል። የትኛው ተረት በየትኛው ዓመት እንደተነገረ፣ ስቱዲዮ ገብተው ግጥም ያነበቡት ልጆች እነማን እንደነበሩ፣ ካሜራውን ማን ይዞ እንደነበረ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። አንድ ፕሮግራም ከአየር ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ዓይነቱ ዕውቀት ነው። ፍቅሩ ይቀራል፤ ዝርዝሩ ይሄዳል።

ዝርዝሩን መልሶ መሰብሰብ በአብዛኛው ዓለም የአፍቃሪዎች ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ጣቢያዎች የሚያስቀምጡት ቢያስቀምጡም ዋና ሐሳባቸው የነገው ስርጭት ነው። ተመራማሪዎች ስለ ዜናና ስለ ፖለቲካ ይጽፋሉ፤ የልጆች ፕሮግራም ግን ከቁም ነገር አይቆጠርም። ስለዚህ ልጅ ሳለ ያየውን ያልረሳ አንድ ሰው፣ ወይም ሦስትና አራት ጓደኛሞች፣ አነስተኛ የበይነ መረብ ገጽ ከፍተው የክፍሎቹን ዝርዝር፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም፣ የሠሪዎቹን ታሪክ ይመዘግባሉ። ይህን ለመሥራት ትልቅ ቢሮ አያስፈልግም። ገርጂ ወይም ሰሚት ባለ የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ሃርድ ዲስክና ትዕግሥት ካለ ይሠራል። ከባዱ ነገር መዝገቡን ታማኝ ማድረግ ነው።

ፕሮግራሞች የሚቋረጡበት ምክንያት እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካ የካርቱን ተከታታይ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ የተመልካች ቁጥር ሲቀንስ ወይም በስሙ የሚሸጠው መጫወቻ ገበያ ሲያጣ ነው። መውረዱም ሁልጊዜ የመጨረሻ አይደለም። «ፊውቹራማ» በ2003 እ.ኤ.አ. ተቋርጦ በ2007 በፊልም መልክ ተመለሰ፤ በ2010 ሌላ ጣቢያ ወሰደው፤ በ2013 እንደገና ቆመና በ2023 ዳግመኛ ተነሣ። «ሳሙራይ ጃክ» ከ2004 እስከ 2017 ዝም ብሎ ቆይቶ መጨረሻውን አገኘ። በእነዚህ የዝምታ ዓመታት ታሪኩን ሲያነሡና ሲጠይቁ የኖሩት አፍቃሪዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ግን የተመልካች ቁጥር ዋናው ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። አዘጋጁ የአየር ሰዓት ገዝቶ፣ ስፖንሰር ለምኖ ወይም ከውጭ ድርጅት የፕሮጀክት ገንዘብ አግኝቶ ይሠራል። የስፖንሰሩ ውል ወይም የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅ ፕሮግራሙም ያልቃል። አብዛኛውን ጊዜ «የመጨረሻው ክፍል» የሚባል ነገር እንኳ የለም። አንድ ቅዳሜ ልጁ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፤ በቦታው ሌላ ነገር ተተክቶ ያገኛል። ለመዝገብ ያዥ ይህ ትልቅ ችግር ነው፤ ያልታወጀ መጨረሻ ቀን የለውምና።

ካርቱን ከሌላው ይልቅ ቶሎ የሚቋረጠው በዋጋው ምክንያት ነው። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስሎች ያሳያል። በእጅ የሚሳል አኒሜሽን አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ቢጠቀምበት እንኳ በሴኮንድ 12 ሥዕሎች ይፈልጋል። 11 ደቂቃ ለሚረዝም አንድ ክፍል 7,920 ሥዕል ማለት ነው። ዛሬ በኮምፒውተር የተቆራረጡ የአካል ክፍሎችን እያንቀሳቀሱ መሥራት ልፋቱን ይቀንሳል፤ ሆኖም ጽሑፉ፣ ድምፁ፣ ሙዚቃውና እንቅስቃሴው ሁሉ አንድም ልጅ ሳያየው አስቀድሞ መከፈል አለበት። ተረት ነጋሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራውን የአንድ ሰዓት ሥራ አኒሜተሩ በወራት ይሠራዋል።

የአባባ ተስፋዬ ፕሮግራም በቆመበት በዚያው በ2006 እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር ተጀመረ። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆነው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለውን ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. አቋቁመው ነበር። መስከረም 1999 ዓ.ም. ላይ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የምትባል ትንሽ ቀጭኔ ናት፤ በእጅ የተሠራች አሻንጉሊት፣ ጠያቂ፣ ፊደልም እጅ መታጠብም የምትማር። ዕድሜያቸው ለትምህርት ያልደረሰ ልጆችን በአማርኛ ለማስተማር ታስቦ የተሠራ፣ መጀመሪያ ላይ በቤት ውስጥ በጥቂት ሰዎች የተዘጋጀ ሥራ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ከጀርመንና ከጃፓን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ፤ ብሩክታዊትም በ2010 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆኑ። ቆየት ብሎም ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተመልሷል። ከዚሁ ቤት «ጥበብ ገርልስ» የተባለው አኒሜሽን ወጣ፤ ፍቅር፣ ትዕግሥትና ፍትሕ የተባሉ ሦስት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል ይዘው ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰሉ ጎጂ ልማዶችን ይታገሉበታል። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ለጀግና ልብስ ሆኖ ሲታይ፣ የባሕር ማዶ ካርቱን ብቻ እያየች ላደገች ልጅ የሚሰጠው ስሜት በቀላሉ የሚነገር አይደለም።

ከተከታታይ ፕሮግራም ውጭም አንድ ሥራ እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። አዲስ አበባ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ በ2011 እ.ኤ.አ. «ሂሳብ» የተባለ አጭር አኒሜሽን ሠርቷል። ታሪኩ የከተማችን ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ነው፤ አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲ ይሳፈራሉ። አህያዋ ሂሳቧን ከፍላ ስለወረደች መኪና ሲመጣባት ንቅንቅ አትልም፤ ፍየሏ ሳትከፍል ስለጠፋች ትሸሻለች፤ ውሻው መልሱ ስላልተሰጠው መኪናውን ያሳድዳል። ዕዝራ በሸራ ላይ ይስልና ፎቶ ያነሣዋል፤ ከዚያም በላዩ ላይ ቀጣዩን ይስላል። እያንዳንዱ ሥዕል የቀደመውን ይውጠዋል። የቀደሙት ሥዕሎች ያሉት በፎቶ ብቻ ነው፤ ፎቶው ከጠፋ ከሸራው መልሶ ማውጣት አይቻልም። የቴሌቪዥን ታሪክም በብዙ አገር ልክ እንደዚህ ሆኖ አልፏል።

የቪዲዮ ቴፕ በመጀመሪያው ዘመኑ ውድ ዕቃ ነበር። ጣቢያዎች አንዱን ፕሮግራም አሰራጭተው በዚያው ቴፕ ላይ ሌላውን ይቀዱበት ነበር። የብሪታንያው ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» ከተባለው ተከታታይ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ብዙ ክፍሎች በዚህ መንገድ አጥፍቷል፤ ከ90 የሚበልጡ ክፍሎች ከማኅደሩ ጠፍተው ነበር። ለውጭ አገር የተሸጡት የፊልም ቅጂዎች ግን በየአገሩ ተበታትነው ስለነበር በ2013 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ክፍሎች ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ውስጥ መገኘታቸው ተነገረ። ከዚህ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው የድምፁ ነገር ነው። የሁሉም የጠፉ ክፍሎች ድምፅ ተርፏል። ያተረፉት ልጆችና ወጣቶች ናቸው፤ በየሳሎናቸው የቴፕ መቅጃ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው ቀድተውታል። በ2006 እ.ኤ.አ. በዚያ ድምፅ ላይ ሥዕል ተሠርቶለት የጠፋ ክፍል በአኒሜሽን መልክ እንደገና ወጣ። ምስሉ የሌለ ሥራ በድምፁ ብቻ ወደ ተመልካች ተመለሰ ማለት ነው።

ለአዲስ አበባ መዝገብ ያዦች ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው፤ ፍለጋው ከካሴት ይጀምራል። በብዙ ቤት ዴክ ከመግባቱ በፊት ቴፕ ነበረ። የልጁን ድምፅ ለማስቀረት፣ ዘፈን ለመቅዳት ወይም ለጨዋታ ያህል ከቴሌቪዥን የተቀዳ ነገር በዘፈን ካሴት ጀርባ ላይ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ዴክና የቪዲዮ ካሴት መጣ፤ ሰፈር ውስጥ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። ቀጥሎ ዲሽ። በተለይ በቦሌና በአካባቢው ያደጉ ብዙ ልጆች የካርቱን ፍቅራቸውን ያገኙት ከአረብኛ ቻናሎች ነው፤ በዲሴምበር 2004 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኤምቢሲ 3 ከእነዚህ አንዱ ነው። የእነዚህ ልጆች ትዝታ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንዱ «ካፒቴን ማጂድ» ብሎ የሚያስታውሰው የኳስ ካርቱን በትውልድ አገሩ በጃፓን «ካፒቴን ፁባሳ» ይባላል፤ ከ1983 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. በ128 ክፍሎች የታየ ነው። መዝገቡ ሁለቱንም ስም ካልያዘ ፈላጊው ከፊቱ ያለውን ነገር ሳያገኝ ይመለሳል።

የቤት ዕቃ በብዛት የሚጠፋው ቤት ሲለቀቅ ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ከመሀል ከተማ ወደ አያት፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ ሲኤምሲና ወደ ቦሌ አራብሳ የተዘዋወረው ሕዝብ ብዙ ነው። የኮንዶሚኒየም ክፍል ጠባብ ስለሆነ ካርቶን ሙሉ የቪዲዮ ካሴት ይዞ የሚገባ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ዴኩ ለቆራሌው ይሸጣል፤ ካሴቱ ይጣላል። ስለዚህ አንድ የአፍቃሪዎች ቡድን ከማንኛውም ነገር በፊት ሊሠራው የሚገባው ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለዕድርተኛ «የቆየ ካሴት ሳትጥሉ በፊት አሳዩን» ብሎ መናገር ነው። ዴክም ማግኘት ያስፈልጋል፤ የሚሠራ ዴክ በየዓመቱ እየቀነሰ ስለሆነ መገናኛ ካሉት ጥገና ቤቶች አንዱን ማወቅ ትልቅ ሀብት ነው።

ወደ ውጭ የሄዱ ካሴቶችም አሉ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሰፈረ ቤተሰብ ልጆቹ ቋንቋቸውን እንዳይረሱ ከአገር ቤት ያስቀዳውን ካሴት ሻንጣ ውስጥ ይዞ ሄዷል። እዚያ የሚያጋጥመው ችግር ቴክኒካዊ ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው የቀለም ስርጭት ሥርዓት ፓል የሚባለው ነው፤ አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን ትጠቀም ነበር። በአንዱ የተቀዳ ካሴት በሌላው ተራ ዴክ ላይ ምስሉ ይናወጣል ወይም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱም «ተበላሽቷል» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ አለዚያም ይጥለዋል። ካሴቱ ግን ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ይህን አንድ ነገር ለዳያስፖራ ዘመዶች ማሳወቅ ብቻውን ብዙ ካሴት ያተርፋል።

ቅጂው ጊዜ ይወስዳል፤ የአንድ ሰዓት ካሴት ለመቅዳት አንድ ሰዓት ሙሉ መጫወት አለበት። ሻጋታ የያዘው ካሴት ዴኩንም ስለሚበክል ሳይጸዳ አይገባም፤ በክረምት እርጥበት በሚበዛባቸው ምድር ቤቶች የተቀመጠ ካሴት በተለይ ይፈተሻል። ዲቪ በሚባለው ዓይነት የተቀዳ አንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ በበይነ መረብ ለማሳየት የሚጨመቀው ቅጂ ከአንድ እስከ ሁለት ጊጋባይት ይሆናል። ትልቁ ለማኅደር ይቀመጣል፤ ትንሹ ለዕይታ ይውላል። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ትልቁን ማጥፋት በዚህ ሥራ ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የምዝገባው ነገር ነው፤ የዚህ ሥራ ልብም እዚህ ነው ያለው። እያንዳንዱ መረጃ ከምን እንደተገኘ አብሮት መጻፍ አለበት። የፕሮግራሙ ቅጂ ራሱ፣ በዘመኑ የታተመ ጽሑፍ፣ የሠሪው ቃል፣ የተመልካች ትዝታ፤ እነዚህ ክብደታቸው እኩል አይደለም። ትዝታ ይቀላቀላል። በትምህርት ቤት የተነበበ ተረት በቴሌቪዥን የታየ መስሎ ይታወሳል፤ የሁለት ፕሮግራም ዘፈን አንድ ይሆናል። ሆኖም ትዝታን መናቅም ስሕተት ነው። ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ መዝገብ ያዡ የሚፈልገውን አቅጣጫ አገኘ ማለት ነው፤ ከዚያ ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወደ ወመዘክር ሄዶ የዘመኑን ጋዜጦች ማገላበጥ ይችላል። ሠሪዎቹን ማነጋገር ግን ቀጠሮ አይሰጥበትም። ካሴት ሃያ ዓመት ሳጥን ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ካሜራማን ግን ዛሬ ካልተጠየቁ ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። ያሉትን ካሴቶች ሁሉ ቀድቶ ከመጨረስ ይልቅ አንድ አዛውንት ቤት ሄዶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ስሞቹን አስቆጥሮ መመለስ ይቀድማል።

የቀን ነገር በኢትዮጵያ መዝገብ ውስጥ ልዩ ወጥመድ አለው። «2008» ተብሎ የተጻፈ ዓመት ያለ ምልክት ከተቀመጠ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይፈጥራል፤ ፀሐይ ሽልማት ያገኘችበት 2008 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2000 ወይም 2001 ነው። «በ2006 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ» የሚል መረጃ ብቻ ከተገኘ ወደ 1998 ወይም ወደ 1999 በግምት መለወጥ አይገባም፤ ወሩ እስኪታወቅ ድረስ በተገኘበት አቆጣጠር ይቀመጣል። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚለውን የውጭ አንባቢ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መመሥረቻ ዓመት ራሱ በተለያዩ ጽሑፎች ተለያይቶ ይገኛል፤ ጥሩ መዝገብ ልዩነቱን ከነምንጩ ያሳያል፤ ደስ ያለውን መርጦ ሌላውን አይደብቅም።

ቀጥሎ ፊደል ይመጣል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ይጽፈዋል፤ ሁለተኛውን ፊደል ደግሞ በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ ወይም በሃ፣ በሓ፣ በኃ የሚጽፈው አለ። ሁለቱ ከስድስቱ ጋር ሲባዙ አንድ የቀጭኔ ስም በ12 መልክ ይጻፋል። ኮምፒውተር ደግሞ እነዚህን እንደ 12 የተለያዩ ቃላት ነው የሚያያቸው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ርዕስ ሁለት መልክ መያዝ ነው፤ አንዱ አዘጋጆቹ የጻፉት ትክክለኛ መልክ፣ ለዓይን የሚታየው፤ ሌላው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓና ኃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ የተመለሱበት። የፈላጊው ጽሑፍም በተመሳሳይ መንገድ ተመልሶ ሲነጻጸር የጠፋው ይገኛል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በኮምፒውተር የተጻፉ የፕሮግራም ጽሑፎች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የተሰካ የአማርኛ መልክ የያዙ ናቸው፤ ዛሬ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። የጥንቱ ፎንት ከተገኘ ግን ይነበባሉ፤ ስለዚህ የተበላሸ የሚመስል ፋይል አይጣልም።

ይህ ሁሉ ሲሰበሰብ የባለቤትነት ጥያቄ ይነሣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የድምፅና ምስል ሥራን ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ከአየር መውረድ መብትን አያስቀርም። ስለዚህ ሙሉ ክፍል ያለ ፈቃድ ለሕዝብ መልቀቅ አይቻልም፤ አዋጁ ግን የሠሪው ስምና ምንጩ እስከተገለጸ ድረስ በተገቢው መጠን መጥቀስን ይፈቅዳል። ለመዝገብ ሥራ ይህ በቂ ነው ማለት ይቻላል፤ ዝርዝር፣ ታሪክ፣ ማብራሪያና ጥቂት ምስል የማንንም ጥቅም አይነካም። ሠሪዎቹን በአክብሮት ጠይቆ በጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሚፈራው ይቀላል፤ ሥራቸው እንዳልተረሳ ሲሰሙ ደስ የማይላቸው ጥቂቶች ናቸው። በልጅነታቸው ስቱዲዮ ገብተው ስለታዩ ሰዎች ሌላ ጥንቃቄ አለ። ሕግ ባይከለክልም፣ ዛሬ ትልቅ ሰው የሆነ ሰው ስሙና የሰባት ዓመት ፊቱ እንዲወጣ ይፈልግ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

የገጹ ማስቀመጫ የሚያስወጣው ብዙ አይደለም። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ 2,000 ፊደል ያለው የአንድ ክፍል መግለጫ 6 ኪሎባይት ነው። የሺህ ክፍል መግለጫ በአንድ አሮጌ ፍላሽ ላይ ተቀምጦ ቦታ ይተርፋል። ሥዕልን በልክ ማሳነስ፣ ቪዲዮን ከገጹ ውጭ ማድረግ፣ በሞባይል ዳታ ለሚከፍት ሰው ማሰብ ያስፈልጋል። የሚከብደው የአከፋፈሉ መንገድ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ብዙዎች ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ይከፍላሉ፤ የገጹ አድራሻም በዚያ ዘመድ ስም ይመዘገባል። ዘመዱ ካርዱን ሲቀይር ወይም የማሳሰቢያ መልእክቱን ሳያይ ሲቀር አድራሻው ይወድቃል። ኔትወርክም ይቋረጣል፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ የተዘጋው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ውጭ አገር ያለው አንባቢ ገጹን ያያል፤ ቦሌ ያለው ባለቤቱ ግን አይደርስበትም። ሙሉ ቅጂ ቤት ውስጥ ካለ ሥራው አይቆምም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ዘላለማዊ አይደሉም። ጂኦሲቲስ የተባለው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተራ ሰዎች ገጽ የሠሩበት አገልግሎት ኦክቶበር 26 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ብዙ የካርቱን አፍቃሪዎች መዝገብ አብሮ ወርዷል፤ የተረፈውም በጎ ፈቃደኞችና በ1996 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭ ተሯሩጠው የገለበጡት ነው። በኦገስት 2022 እ.ኤ.አ. ኤችቢኦ ማክስ «ኢንፊኒቲ ትሬይን»ን የመሰሉ አኒሜሽኖችን ከዝርዝሩ አወጣ። በኦገስት 2024 ካርቱን ኔትወርክ ለረጅም ዓመታት ያቆየውን የራሱን ድረ ገጽ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ስለ እነዚህ ሥራዎች ዝርዝር የሚፈልግ ሰው የሚሄደው አፍቃሪዎቹ ወደጻፉት ነው።

የአፍቃሪዎቹ ገጽ ራሱ እንዳይሞት የሚያደርገው የርክክብ ዝግጅት ነው። ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲሆን ያ ሰው ሲያገባ፣ አገር ሲለቅ ወይም ሲታመም መዝገቡ ይቆማል። የይለፍ ቃሉ፣ የአድራሻው የእድሳት ቀን፣ የሠሪዎቹ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የትኛው ሃርድ ዲስክ የት እንዳለ የሚገልጽ ወረቀት ቢያንስ ለሁለት ሰዎች ይሰጣል። ቅጂው ሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ ለምሳሌ አንዱ ቦሌ፣ አንዱ አያት፣ አንዱ ባሕር ማዶ። በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉም ይፈተሻል፤ የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናት ለዚህ ይመቻሉ። ፋይሎቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ፤ ድምፃቸው ይሰማል፤ የማይከፈተው ከሌላው ቅጂ ይተካል። በዓመቱ የተጨመረው ዝርዝር በወረቀት ይታተማል፤ የታተመውም መስከረም ሳይጠባ ከመዝገብ ያዡ ሌላ በሆነ ሰው ቤት ይገባል።